ከአራስ ቤት የማይወጣ ብረት

ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴን "ጋራዥ ነው የምውለው" እያልኩ ዋሽቻታለሁ። ያ ውሸት እንዴት እንዳከተመለት፣ እኔም እንዴት ሰው እንደሆንኩ ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው። ብቻ አደራ፣ ከመሃል እንዳታቋርጡኝ። እኔ ወሬዬ ከተቋረጠ ባትሪው እንደሞተ መኪና ተገፍቼ ነው የምነሣው።

ምሳሌው ከመኪና የሆነው ረዳት ስለነበርኩ ነው። ስድስት ዓመት ከደብረ ማርቆስ ደጀን በሚመላለስ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥያለሁ። ይበልጣል ሲባል በዚያ መስመር የማያውቀኝ አልነበረም። አንድ ቀን ባለቤቱ መኪናውን ሸጠውና እኔ ሜዳ ላይ ቀረሁ። የቀረኝ ሀብት ሰው ማወቅ ብቻ ነው። ጎሚስታውን፣ የጋራዥ ሠራተኛውን፣ የከባድ መኪና ሾፌሩን ሁሉ በየስሙ እጠራለሁ።

ይህን የሚያውቁ አያ ፈንቴ ጠሩኝ። አያ ፈንቴ በማርቆስ ዳርቻ ማረሻና ማጭድ፣ ምሳርና ቢላ የሚሠሩ ባለ እጅ ናቸው።

"ልጄ፣ ከአባይ በረሃ አቀበቱን የሚወጣ መኪና ሁሉ ደጀን ሲደርስ ባሌስትራው እየተሰበረ ነው ይሉኛል። እየለቀምህ ብታመጣልኝስ?" አሉኝ።

በዚያው ለቀማ ገባሁ። ባሌስትራ፣ ያ መኪናውን የሚሸከመው ድርብርብ ጠፍጣፋ ብረት፣ ከደጀን፣ ፌሮ ከፈረሰ ቤት፣ እጀታው የወለቀ መዶሻና ያረጀ ጉጠት ከገበያ። ገጠር ስወጣ ደግሞ የፕላስቲክ ሳፋና ጆግ ተሸክሜ "ልዋጭ! ልዋጭ!" እላለሁ፤ እናቶች የተሰበረ ብረታቸውን ሰጥተውኝ ሳፋ ይወስዳሉ። መጀመሪያ ያመጣሁትን ጥዬ እሄድ ነበር። ቀጥሎ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ቀጥሎ የአያ ፈንቴ ባለቤት እትዬ ማሬ ወናፉን ሲነፉ ውለው ሲደክማቸው መቀበል መጣ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሳላስበው መዶሻ ጨበጥኩ። ድፍን ያለ ባሌስትራ ግሎ፣ ቀልቶ፣ እጅህ ሥር ማረሻ ሲሆን ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል አልነግራችሁም፤ ያላየው ሰው አጋነነ ይለኛል።

ታዲያ ለምን ዋሸህ ትሉኝ ይሆናል። በእኛ አገር ማረሻው ይወደዳል፣ የሠራው እጅ ይፈራል። ባለ እጅን ቀጥቃጭ ይሉታል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይላሉ፤ እሱ ሲያልፍ ሕፃን ይሸፈናል። አያ ፈንቴ የገበሬ ማረሻ ሲያደርሱ አጥር ውጭ ቆመው ነው የሚያቀብሉት። የእናቴ ዘመዶች ደግሞ እስከ ሰባት ቤት አጥንት የሚቆጥሩ ናቸው። መዶሻ ይዣለሁ ብዬ የማን ፊት ልቁም? ጋራዥ አልኩና ተገላገልኩ።

ነገሩ የመጣው ግንቦት ላይ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ዝናቡ ቀደም ብሎ ጥሎ ገበሬው ሁሉ ማረሻ ይዞ ደጃችንን አጣቦታል። አያ ፈንቴ አንድ ወፍራም ምሳር ሲቀጠቅጡ መስፉ "ቀጭ!" አለና ለሁለት ተከፈለ። መስፍ ማለት የጋለው ብረት ተቀምጦበት የሚቀጠቀጥበት ድብልብል ብረት ነው። እሱ ከሌለ መዶሻውም፣ ወናፉም፣ ባለ እጁም ሥራ የላቸውም። ያ መስፍ ደግሞ ከአያ ፈንቴ አባት የተወረሰ ነበር።

አያ ፈንቴ መዶሻቸውን አስቀመጡና ቁጭ አሉ።

"በቃ፣ ይኸ ምልክት ነው" አሉ። "ልጄ ባሕር ዳር ሆና 'ና፣ እዚህ የጥበቃ ሥራ አለ' ካለችኝ ሰነበተች። እሄዳለሁ።"

"አያ፣ ሌላ መስፍ እኮ ይገኛል።"

"ከየት ይገኛል? ባሌስትራ መስፍ አይሆን። ለሰኞ ለሃያ ሰው ቃል ሰጥቻለሁ። ሰኞ ካላገኘሁ፣ ማክሰኞ መኪና ላይ ነኝ።"

እትዬ ማሬ ከወናፉ ጀርባ ሆነው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ ሲያደርጉ አየሁ። እኔም ደነገጥኩ። ማረሻ መሞረድ እችላለሁ እንጂ ገና ራሴን ችዬ አንድ ምሳር አላወጣሁም። አያ ፈንቴ ከሄዱ የእኔም ሙያ ግማሹ ላይ ይቀራል ማለት ነው። "ሰኞ መስፍ ይኖርዎታል" አልኳቸው። አፌ እንደ ልማዱ ቀድሞኝ ነው።

ዓርብ ጠዋት ጋራዥ ለጋራዥ ዞርኩ። ያገኘሁት ሁሉ ወይ ቀጭን ነው ወይ ውስጡ ክፍት ነው። ተስፋ ቆርጬ ሻይ ስጠጣ አንድ የድሮ ወዳጄ ሾፌር "ወደ ደምበጫ መንገዱ ሲሠራ ዶዘር ተሰብሮ ጥሎት የሄደውን ብረት አንለይ የሚባል ገበሬ ቤቱ አስገብቶታል" አለኝ። ሻዩን ሳልጨርስ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ከአስፋልቱ ወርጄ ግማሽ ሰዓት በእግር ተጓዝኩና ከአንለይ ግቢ ደረስኩ።

ብረቱ ከቤቱ ደጃፍ አጠገብ ቆሟል። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ፣ አናቱ ለጥ ያለ፣ ሁለት ሰው አቃስቶ የሚያነሣው። ጎንበስ ብዬ በቁልፌ መታ ሳደርገው "ድንንን" አለ። ልቤም አብሮ ድንን አለ።

"ማነህ አንት! እጅህን አንሣ!"

ቆብ የደፉ፣ ቀጠን ያሉ አሮጊት ዘንጋቸውን ይዘው ከጓሮ መጡ። የአንለይ አማት ናቸው፤ እማሆይ የሻረግ ይባላሉ።

"ልዋጭ ነኝ፣ እማሆይ። ይኼን ብረት..."

"እሱን ተወው። የአራስ ብረት ነው።"

አራስ ያለ ብረት እንደማትተኛ እንኳን እኔ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ሰው ሁሉ ቢላ ወይ ማጭድ ትራስ ሥር ያደርጋል። ይህን የሚያህል ብረት ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እማሆይ ግርምቴን ከፊቴ አነበቡት።

"ልጄ ሁለት ጊዜ ቢላ አስቀምጣ ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን ተነሣች" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "በሦስተኛው እኔው ይኼን ከጓሮ አንከባልዬ ደጃፏ ላይ ተከልሁት። ይኸው ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ፣ ልጅ ታቅፋ ተኝታለች። ልጂቱ ክርስትና ሳትነሣ ይኸ ብረት ከዚህ ቤት አይወጣም።"

ልጂቱ አሉኝ። ወንድ ቢሆን አርባ ቀን ነበር፤ ሴት ናትና ሰማንያ። ገና ስድሳ ስምንት ቀን ይቀራል። አያ ፈንቴ ያላቸው ሦስት ቀን ነው።

"እንኳን ማርያም ማረቻቸው" አልኩ።

"ያኑርህ። ለምን ፈልገኸው ነው?"

እውነቱን ብናገር አራስ ቤት ደጃፍ ላይ የቀጥቃጭ ስም ማንሣት ነው። "ለወፍጮ ቤት ነው፤ ለሞተሩ ማስቀመጫ" አልኩ።

"እንግዲያ ወፍጮው ይጠብቅ" ብለው ሸኙኝ።

ከአጥሩ ወጥቼ ጥቂት እንደሄድኩ አንለይ ተከተለኝ። የአራሷ ባል ነው፤ ወፈር ያለ፣ ሳቂታ ሰው።

"ይኸ የሴቶች ወሬ ነው፣ ወንድሜ" አለኝ ወደ ኋላው እያየ። "ብረት ብረት ነው። እማሆይ እሁድ ቅዳሴ ይሄዳሉ። በእሱ ፈንታ ሌላ ብረት አምጥተህ ታቆማለህ፣ ለእኔ ሁለት ማረሻና አንድ መጥረቢያ ታመጣለህ፣ ይኼን ይዘህ ትሄዳለህ። ልዋጭ አይደለህ?"

እዚህ ላይ ብትወቅሱኝ እውነታችሁን ነው። እሺ አልኩ። ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን የተነሣችው ሴት ትዝ ብላኝ ነበር፤ ግን ሰኞም ትዝ አለኝ።

እሁድ ጠዋት ቅዳሜ ከገበያ የገዛኋቸውን ሁለት ማረሻና መጥረቢያ፣ ከዚያም አምስት ባሌስትራ በሽቦ ጠፍሬ በተከራየሁት ባጃጅ እስከ መገንጠያው አመጣሁ። የቀረውን በአንለይ አህያ አደረስን። ባሌስትራዎቹን ደጃፉ ላይ አቁመን ያን ብረት ስናነሣ አንዴ አመለጠንና ደጃፉ ላይ "ጓ!" ብሎ ወደቀ። ሁለታችንም እንደ ድንጋይ ደርቀን ቆምን። ከውስጥ ልጂቱ እህ እህ ስትል ሰማንና ቸኮልን። አህያዋ ላይ ጠፍረን ጫንነውና መንገድ ጀመርኩ።

ወንዙ ጋ ስደርስ ከኋላዬ "ይበልጣል! ኧረ በጊዮርጊስ ቁም!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። አንለይ ጋቢውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ አንድ ጫማውን ጥሎ እየሮጠ ነው።

"ምን ሆንክ?"

"ልጂቱ... አለቀሰች!"

"ልጅ ታልቅስ እንጂ ምን ታድርግ?"

"አይ! ይኸ ልቅሶ ሌላ ነው። አንተ ከወጣህ ጀምራ ዝም አላለችም። መልስ፣ በእናትህ መልስ!"

"የሴቶች ወሬ ነው አላልከኝም?"

"አልሁ! አሁን መልስ!"

ልስቅበት ፈልጌ ነበር፤ ግን ሰውየው ላቡ እንደ ውኃ ይወርዳል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ያኔ ነው እሱም ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን እንደተመለሰ የገባኝ። አህያዋን አዞርኩ። ስትሄድ እግሯን ስትጎትት የነበረችው አህያ ወደ ቤቷ ስትመለስ ያን ሁሉ ብረት ተሸክማ እየሮጠች ቀደመችን።

እንዳልኳችሁ ቀደመችን። ስለዚህ እኛ ስንደርስ አህያዋ ከነጭነቷ ግቢው መሃል ቆማለች፤ እማሆይ የሻረግ በአንድ እጃቸው የጠበል ዕቃ፣ በሌላው ዘንጋቸውን ይዘው አጠገቧ ቆመዋል።

"ብረቱ ወፍጮ ቤት ደርሶ ተመለሰ?" አሉ።

አንለይ ወፍራምነቱን ረስቶ አህያዋ ጀርባ ተደበቀ።

"እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ..."

"ይቅርታው ይደርሳል። ለማን ነው የወሰድኸው? ወፍጮ እንዳትለኝ።"

ሌላ ውሸት መፈለግ ጀምሬ ነበር፤ ከዚያ አያ ፈንቴ በየአጥሩ ውጭ ማረሻ ይዘው ቆመው ታዩኝና አፈርኩ።

"ለአያ ፈንቴ ነው" አልኩ። "መስፋቸው ተሰብሮ። ማርቆስ ዳር ያሉት ባለ እጅ። ነገ መስፍ ካላገኙ ሥራውን ጥለው ይሄዳሉ። እኔም... እኔም ባለ እጅ ነኝ።"

ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። አንለይ ከአህያዋ ጀርባ ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እማሆይ አማተቡ።

"ቀጥቃጭ! የልጄን ጠባቂ ለቀጥቃጭ?"

"እናቴ" አለ ከቤት ውስጥ ቀጭን ድምፅ።

እስከዚያች ሰዓት ማናችንም እሷን ምንም አልጠየቅናትም። አራሷ ናት፣ ጥሩወርቅ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ነው የምትናገረው።

"ይኸ ብረት የሚጠብቀኝ ከምንድን ነው?"

"ከክፉ ነገር ነዋ። ከሰው ዓይን።"

"የቀጥቃጭ ዓይን ክፉ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ብረት ጨብጦ ሲውል ብረቱ እንዴት ዝም አለው?"

እማሆይ ወደ አህያዋ ጭነት ዞረው ብረቱን አዩት።

"ትራሴ ሥር ያለውን ቢላስ ማን ሠራው? አንለይ የሚያርስበትንስ? ብረቱ ከቤት አይወጣም ብለሻል፤ መልካም፣ አይውጣ። ሰውየው ይምጣና እዚሁ ይሥራ። የእኛም ማረሻ እንደሆነ ደንዝዟል።" ደግሞ ጨመረች፤ "ልጂቱም ያለቀሰችው በሌላ አይደለም። ደጃፌ ላይ እንደ ሌባ ብረት ስታላትሙ ከእንቅልፏ ቀስቅሳችኋት ነው።"

አንለይ ከአህያዋ ጀርባ ብቅ ብሎ ግንባሩን ጠረገ።

እማሆይ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መቱ። በመጨረሻ "ከነወናፉ ይምጣ" አሉ። "ብረቱ ከአጥር እስካልወጣ ከቤት አልወጣም፤ ቤቱ እሳት እንዳይነካው ወደ ግቢው መሃል ራቅ ይደረግ።" ከዚያ ወደ እኔ ቀረብ ብለው ትከሻዬን በዘንጋቸው አንዴ ቸብ አደረጉኝ። "ይኸ ለወፍጮው ነው።"

ማምሻውን ለአያ ፈንቴ ስነግራቸው "አራስ ቤት? እኔ? ልጄ፣ በሽማግሌ አትቀልድ" አሉኝ። እትዬ ማሬ ግን አልተከራከሩም። ዞር ብዬ ሳይ ወናፉን ጠቅልለው በገመድ እያሰሩት ነበር።

ሰኞ በማለዳ ደረስን። አያ ፈንቴ አጥሩ ጋ ሲደርሱ እግራቸው በራሱ ቆመ፤ ዕድሜ ልካቸውን የቆሙበት ቦታ ነውና። እማሆይ ከግቢው መሃል አዩዋቸው።

"ምን ገተረህ? ብረቱ ወዳንተ አይመጣም ተባለ እንጂ አንተ ወደ ብረቱ አትምጣ አልተባለም። ግባ!"

አያ ፈንቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ብረቱ አጠገብ ተንበርክከው አናቱን በመዶሻ ሦስት ቦታ መታ መታ አደረጉና ጆሯቸውን ሰጡት። ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ። በኋላ ቀና ብለው እንደ ልጅ ሳቁ።

"ዘመኔን ሙሉ የፈለግሁት መስፍ እዚህ ሆኖ አራስ ይጠብቃል!" አሉ።

መጀመሪያ የሠሩት የጥሩወርቅን ትንሽ ቢላ ነው፤ ካመጣሁት ባሌስትራ፣ ለትራሷ እንዲሆን። ከዚያ የአንለይ አሮጌ ማረሻ ተከተለ። ድምፁን የሰማ ጎረቤት መጀመሪያ በአጥር አሾልቆ አየ፤ እማሆይ ዘንጋቸውን ይዘው መግቢያው ላይ መቆማቸውን ሲያይ ማረሻውን ይዞ ገባ። ሃያዎቹንም ሰዎች እዚያው ጠራናቸው። ያን ሁሉ ቀጥቅጠን ልጂቱ አንዴም አልነቃችም። ያን እሁድ የተቆጣችው በሌብነታችን ነው መሰለኝ።

እኩለ ቀን ላይ ጥሩወርቅ ከውስጥ ተጣራች። "ወናፉን የሚነፉት እትዬ የት አሉ? ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ይግቡ እንጂ።"

እትዬ ማሬ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ፤ እንደገና ጠረጉ። የአራስ ገንፎ ከሌላ ሰው ቤት ቀምሰው አያውቁም፤ ማንም ግቡ ብሏቸው አያውቅም። እማሆይ በክንዳቸው ይዘው አስገቧቸው። አያ ፈንቴ መዶሻቸውን አንሥተው የጋለውን ብረት ረስተው በሩን ሲያዩ ቆዩ፤ ብረቱ ቀዘቀዘ፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።

ስድሳ ምናምን ቀን እንደዚያ ሠራን። የመጀመሪያዬን ምሳር ያወጣሁት እዚያ ግቢ ነው። ሰማንያው ሲደርስ ብረቱ ነፃ ወጣ፣ እማሆይም ራሳቸው በአህያቸው አስጭነው ማርቆስ ድረስ አመጡት። ከብረቱ በፊት ግን ሌላ መልእክት ልከው ነበር፤ የልጂቱ የክርስትና እናት እትዬ ማሬ ይሁኑልን የሚል። እትዬ ማሬ ያን ቀን አለቀሱ፤ አያ ፈንቴም ጭሱ ነው አሉ። እሳት ግን አልነደደም ነበር።

ወገኖቼ፣ እኔ የተማርኩት ብዙ አይደለም። እማሆይ እምነታቸውን አልጣሉም፤ ብረቱ እስከ መጨረሻዋ ቀን ከአጥሩ አልወጣም። አንዲት አራስ ግን ያመኑበትን ነገር እስከ መጨረሻው እንዲያስቡት አደረገቻቸው፣ አጥሩም ተከፈተ። እኔ ደግሞ እሱን አጥር ሁለት ዓመት በገዛ እጄ ሳጥር ነው የኖርኩት። እናንተም እንጀራ ያበላችሁን ሙያ በሌላ ስም የምትጠሩ ካላችሁ፣ ከአህያ ጀርባ ውጡ እላችኋለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ የእናቴ ነገር ነበር። ያን ሰኞ ማታ ቤት ገብቼ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩና "እማዬ፣ ጋራዥ አልውልም። አያ ፈንቴ ጋ ነኝ። ባለ እጅ ነኝ" አልኳት። እሷ የምታጥፈውን ልብስ እንኳ አላስቀመጠችም።

"ጋራዥ የሚውል ሰው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል" አለችኝ። "አንተ ሁለት ዓመት ከሰል ከሰል ስትሸት ነው የኖርኸው።"

ተነሥታ ከቁም ሳጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የወጥ ቤቷ ቢላ ነው፤ ስለቱ እንደ ማንኪያ ደንዝዟል።

"በዚህ ሽንኩርት ስከትፍ እጄ አለቀ" አለች። "ሌላ ጋ ወስጄ እንዳላስለው ቤቴ ባለ እጅ አለ። ላንተ እንዳልሰጥህ ጋራዥ ነኝ ትላለህ። እስኪ ውሰደው።"

በማግስቱ እማሆይ ግቢ ስደርስ እሳት ውስጥ የገባው የመጀመሪያው ብረት እሱ ነው።